በኮንቬንሽን አዘጋጆች የተጻፉ የዲ ኤንድ ዲ ጀብዱዎች፦ የትኞቹ ይገዙ?

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ዲ ኤንድ ዲ የምታጫውቱ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ተጫዋቾቻችሁ በፈረቃ የሚሠሩና በየሳምንቱ ሁሉም መገኘት የማይችሉ ከሆነ፣ የኮንቬንሽን፣ ማለትም የትልልቅ የጨዋታ ጉባኤዎች፣ አዘጋጆች የጻፏቸውን አጫጭር ጀብዱዎች ግዙ። ከትልልቆቹ ባለ ጠንካራ ሽፋን መጻሕፍት አስቀድማችሁ ግዙ። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ለዓመት የሚወራ ጨዋታ ይወጣዋል፤ ሌላው ስድስት ሰው ከሥራ መልስ ተሰብስቦ የመጣበትን ምሽት ያባክናል። ጥሩውን ከመጥፎው ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መለየት ይቻላል፣ ዛሬ የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ሰው ዳንጀን ማስተር ይሆናል፤ እኛ ዲኤም እንለዋለን። ዲኤሙ ከተማውን፣ ጫካውን፣ ነጋዴውን፣ ጭራቁን ሁሉ በአፉ ይፈጥራል፤ የሚመራበት የተጻፈ ታሪክ ጀብዱ ይባላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። አጠራጣሪ ሲሆን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል። ጨዋታው መጀመሪያ የታተመው በ1974 ሲሆን፣ እኛ የምንጫወተው አምስተኛው እትም የወጣው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት አድቬንቸረርስ ሊግ የሚባለው የጋራ ዘመቻ ተጀመረ።

ሊጉ ከተራ የቤት ጨዋታ የሚለየው ገጸ ባሕርዩ የአንድ ጠረጴዛ ብቻ ባለመሆኑ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በእኔ ጠረጴዛ ያገኘውን ወርቅና አስማታዊ ሰይፍ በመዝገብ ወረቀቱ ላይ ያሰፍርና፣ ክረምት ላይ ኢንዲያናፖሊስ ጄን ኮን የሚባለው ኮንቬንሽን ሄዶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይቀጥላል። ሕጉ አንድ ነው፣ ዓለሙም አንድ ነው። ለዚህ ዓለም ጀብዱ የሚጽፈው በመጀመሪያ በዋናነት ሊጉ ራሱ ነበር። ከ2016 ወዲህ ግን የኮንቬንሽን አዘጋጆችም የራሳቸውን ጀብዱ ጽፈው በራሳቸው አዳራሽ እንዲያስጀምሩ፣ ከዚያም ዲኤምስ ጊልድ በተባለው የኢንተርኔት መደብር እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ተጫዋቾች በአጭሩ ሲ ሲ ሲ (ኮንቬንሽን ክሪኤትድ ኮንተንት) ይሏቸዋል። ነገሩን ለእናቴ ያስረዳኋት በጽዋ ማኅበር ነበር፦ ማኅበሩ አንድ፣ ጽዋውም አንድ፣ ድግሱን ግን ተረኛው በራሱ ቤትና በራሱ እጅ ያዘጋጃል። ወዲያው ገባት።

ይህ ልማድ ከሊጉ በጣም ይቀድማል። ጨዋታውን ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ ከሁሉ በላይ የሚፈራውን ጀብዱውን ያቀረበው በ1975 ኦሪጂንስ በተባለው ኮንቬንሽን ላይ ነበር። ቦታው ባልቲሞር ነው፤ ከእኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ታትሞ የወጣው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። መጀመሪያ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ማተሚያ ቤት ማለት ነው። በ1987 ደግሞ ሬቨንስ ብላፍ የምትባለውን ምናባዊ ከተማ መነሻ ያደረገው ሊቪንግ ሲቲ ተጀመረ፤ ብዙ ጠረጴዛዎች አንድ ዓለም መጋራት የጀመሩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ከ2000 እስከ 2008 የቆየው ሊቪንግ ግሬይሆክ መጣ። እኔ በዚያ ዘመን አልተጫወትኩም፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ዲኤሞች ሲያወሩ ግን አድምጬ አልጠግብም። የእውነተኛው ዓለም አገሮችና ግዛቶች ለምናባዊው ዓለም መንግሥታት ተከፋፈሉ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ፔረንላንድን ያዙ፣ ብሪታንያ ኦንዋልን ያዘች። በየክልሉ ሦስት በጎ ፈቃደኞች ተሾመው የክልሉን ታሪክ ይመሩ፣ ጀብዱውንም ያጽፉ ነበር። የክልል ጀብዱ የሚጫወቱት ክልሉ ድረስ ሄደው ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ለአንድ ጀብዱ ብለው ከግዛት ግዛት ይነዱ ነበር። ፍቅራቸው ያስደንቀኛል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ግን የአሁኑ ይሻላል፤ ሩቅ አገር ያለ አዳራሽ ውስጥ የተጀመረ ጀብዱ ዛሬ ማታ ገዝቼ ለቅዳሜ ማዘጋጀት እችላለሁ።

አሁን ወደ ራሳቸው ጀብዱዎቹ ልግባ። ትልቁ ብልጫቸው ሰዓት ማክበራቸው ነው። ይህን በደንብ ማብራራት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አዲስ ዲኤሞች ሲገዙ የሚያዩት የሽፋኑን ሥዕልና የጭራቁን ዓይነት ነው። የኮንቬንሽን አዘጋጅ ሥራው ምንድን ነው? አዳራሽ ይከራያል፣ ጠረጴዛ ይደረድራል፣ ዲኤም ይፈልጋል፣ ትኬት ይሸጣል። ጠረጴዛው የሚያዘው ለአራት ሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቀጣዮቹ ተጫዋቾች ትኬታቸውን ይዘው ወንበር አጠገብ ቆመዋል። ጀብዱው ግማሽ ሰዓት ካለፈ የእነሱ ጨዋታ ይጎዳል፣ ስሞታውም ለአዘጋጁ ነው የሚደርሰው። ይህን ያየ ሰው ሲጽፍ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ያውቃል፣ አውቆም ይጽፈዋል፦ መግቢያው ሃያ ደቂቃ፣ ገበያው አርባ አምስት ደቂቃ፣ የመጨረሻው ውጊያ አንድ ሰዓት። ጊዜ ካጠረ የትኛው ትዕይንት እንደሚዘለልም የሚነግሩ አሉ።

የእኔ ጠረጴዛ ይህን ይፈልጋል። ከተጫዋቾቼ አንዷ ነርስ ናት፣ ፈረቃዋ የሚያልቀው ምሽት ላይ ነው። አንዱ ኡበር ይነዳል፤ ቅዳሜ ማታ ዋናው የገቢው ሰዓት ስለሆነ ለጨዋታ የሚሰጠን እያንዳንዱ ሰዓት ከኪሱ የሚወጣ ነው። ሁለቱ ባልና ሚስት ልጃቸውን ለአያት አደራ ሰጥተው ነው የሚመጡት። ለእነዚህ ሰዎች “ታሪኩን በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን” ብሎ ቃል መግባት አይቻልም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማን እንደሚመጣ እነሱም አያውቁትም። ባለ ጠንካራ ሽፋኑ መጽሐፍ አንድ ቋሚ ቡድን ለወራት እንዲገናኝ ታስቦ የተጻፈ ነው። ሞክረነው ነበር፤ አንዱ ሲቀር ታሪኩ ይጠፋበታል፣ ሁለት ሲቀሩ ጨዋታው ይሰረዛል። ባለ ሁለት ሰዓቱ የአዘጋጆች ጀብዱ ግን በዚያው ምሽት ይጀመራል፣ በዚያው ምሽት ያልቃል። ያልመጣው ቢቀርም ገጸ ባሕርዩ ባለበት ይቆየዋል።

ሁለተኛው ብልጫ ለማይታወቅ ቡድን መጻፉ ነው። በሊጉ ሕግ አንድ ጠረጴዛ ከሦስት እስከ ሰባት ተጫዋች ይይዛል። አዘጋጁ ሲጽፍ ማን እንደሚቀመጥ አያውቅም፦ ሦስት ጀማሪዎች ይሁኑ፣ ሰባት የሰለጠኑ ተዋጊዎች ይሁኑ፣ ፈዋሽ ይኑር አይኑር። ስለዚህ ከየውጊያው ሥር አንድ ሳጥን ታገኛላችሁ። ዲኤሙ የተጫዋቾቹን ብዛትና የገጸ ባሕርያቱን አማካይ ሌቨል (የኃይል ደረጃ) ያሰላል፤ ቡድኑ ደካማ ከሆነ ይህን ጭራቅ ቀንስ፣ ጠንካራ ከሆነ ያንን ጨምር ይለዋል። በመጥፎዎቹ ጀብዱዎች ይህ ሳጥን የጭራቅ ቁጥር ከመቀያየር አያልፍም። በጥሩዎቹ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ፦ ቡድኑ ደካማ ከሆነ ጠባቂው ሰክሯል፣ ወይም የኋላ በሩ አልተቆለፈም፤ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ታጋቾቹ ውጊያው መሀል ላይ ታስረዋል። እንዲህ የሚያስብ ጸሐፊ ብዙ ጠረጴዛ ቆሞ የተመለከተ ነው። ሳይገዙ ከላይ ማየት የሚቻለው ናሙና ውስጥ አንድ እንኳ እንዲህ ያለ ሳጥን ካገኛችሁ ግዙት።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ብዙዎቹ የሲ ሲ ሲ ጀብዱዎች የሚካሄዱት ሙንሲ በሚባለው ቀዝቃዛ የውስጥ ባሕር ዙሪያ ነው። በሊጉ የመጀመሪያ ዓመታት ዋናዎቹ ታሪኮች እዚያ ስለነበሩ ከተሞቹ ቀድሞ የተሠራ ጠባሳ አላቸው። ፍላን ቮርጋንሻራክስ በሚባል አረንጓዴ ዘንዶ እጅ ወድቃ ነበር። መልማስተር ውስጥ ካባ ለባሾች የሚባሉ አስማተኞች ከተማዋን ስለሚቆጣጠሩ ከእነሱ ውጭ አስማት የሚሠራ ሰው አደጋ ላይ ነው። ሂልስፋር ደግሞ ሰው ያልሆነን ፍጡር ከቅጥሯ ያስወጣች ከተማ ናት፤ ኤልፍም ድዋርፍም በበሯ አይገባም፣ በሩንም ቀይ ላባ የሚሰኩ ወታደሮች ይጠብቁታል።

ሂልስፋር በእኛ ጠረጴዛ ያስነሳችውን ስሜት የጀብዱው ጸሐፊ መገመት የሚችል አይመስለኝም። ጨዋታውን በአማርኛ ነው የማጫውተው፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም እያነበብኩ በራሴ አፍ እተርከዋለሁ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሥራ ሠርተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ባለ ነጭ ጢም ድዋርፍ ነው የሚጫወቱት። ወታደሩ “ወረቀት!” ሲላቸው ዳይሱን አላነሱም። “ልጄ፣” አሉት፣ “ይህን በር የጠረበው አባቴ ነው። አንተ ከመወለድህ በፊት እዚህ ቆሜ ምሳ አቀብለው ነበር።” ቀጥሎም ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጉልላቱ፣ አባታቸው በድብቅ ስለቀረጸው ምልክት ተረኩ። ነርሷ ኤልፍ ስለነበረች ከጎናቸው ሆና የሐሰት ወረቀት ለመሥራት ያሰበችውን ትታ፣ “ምልክቱን አሳየው ጋሼ” አለች። ጽሑፉ በዚያ ትዕይንት ያስቀመጠው አንዲት አጭር አንቀጽና ሦስት መግቢያ መንገድ ነበር፦ ማታለል፣ ጉቦ፣ የቦይ ቱቦ። ከሥሩ ግን “ተጫዋቾቹ ሌላ መንገድ ካመጡና አሳማኝ ከሆነ ፍቀድ” የሚል ነበረበት። ፈቀድኩ። ወታደሩ እንዲያይ አደረግሁ፣ አይቶም ዞር አለ። ስደትና የወረቀት ነገር የገባው ሰው ያን ትዕይንት የሚጫወትበት መንገድ ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ቦታውን ክፍት ባይተውልን ኖሮ ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ጽሑፍ አጭር መሆኑ ስንት እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። ጥሩ አዘጋጅ የጻፈው ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የሚታየው፣ የሚሸተው፣ የሚንቀሳቀሰው። አዳራሽ ውስጥ ሃምሳ ጠረጴዛ እየጮኸ ከዚያ በላይ ማንም አይሰማም። በአማርኛ ለምንተርክ ሰዎች ደግሞ አጭሩ በረከት ነው። ገጽ ሙሉ የሆነውን መተርጎም ሲጀመር የተጫዋቹ ዓይን ወደ ስልኩ ይሄዳል።

ጉድለታቸውንም ሳልሸሽግ ልናገር። የመጀመሪያው እርማት ማነስ ነው። የብዙዎቹ ጸሐፊዎች በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ስለሆኑ በገጽ አራት አንድ ስም የነበራት ባለ መጠጥ ቤት በገጽ ዘጠኝ ሌላ ስም ይዛ ትመጣለች። ካርታውም ደብዛዛ ይሆናል፤ አንዳንዱ ካርታ ላይ የበሩ ቁጥርና የጽሑፉ ቁጥር አይገናኙም። ይህን ለማረም ከጨዋታው በፊት አንድ ምሽት መስጠት አለባችሁ። ሁለተኛው፣ የአዳራሹ የውስጥ ወሬ ጽሑፉ ውስጥ መቅረቱ ነው። አንድ ነጋዴ ያለ ምክንያት ረጅም መግለጫ ከተሰጠው የአዘጋጆቹ ጓደኛ ነው ማለት ነው። እዚያ ለነበሩት ደስ ይላል፣ ለእኛ ግን ተጫዋቾቹን ያሳስታል፤ ቁልፍ ሰው መስሏቸው አንድ ሰዓት ሲያነጋግሩት ያመሻሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድማችሁ ቀንሱት።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጀብዱ ነበር፣ የግድያ ምርመራ። ፍንጩ ሁሉ ያለው አንድ ደብዳቤ ውስጥ፣ ደብዳቤው ያለው አንድ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ መሳቢያው የሚገኘው በአንድ ዳይስ ብቻ ነው። ዳይሱ አልወጣም። ጽሑፉ ባይወጣ ምን እንደሚደረግ አልጻፈም። አምስት ሰው ለአርባ ደቂቃ ከተማውን ሲዞር አመሸ። እንዲህ ያለ ጀብዱ አዳራሽ ውስጥ በስንት ጠረጴዛ እንደተጫወቱት አላውቅም፣ ቢጫወቱት ኖሮ ግን ይህ ጉድለት በመጀመሪያው ቀን በታየ ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ የምስጋናውን ገጽ የማየው። ከመታተሙ በፊት የሞከሩት ተጫዋቾች ስም ረዘም ብሎ ከተዘረዘረ አምነዋለሁ። ዝርዝሩ ጭራሽ ከሌለ አልገዛም።

ከተከታታይ ክፍሎችም ተጠንቀቁ። ብዙ አዘጋጆች ሦስት ክፍል አድርገው ይጽፋሉ፣ ምክንያቱም በኮንቬንሽን አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አለ። አንዳንዱ ሦስት የተሟሉ ጀብዱዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ግን አንድ ታሪክ ለሦስት የተቆረጠ ነው፣ የመጀመሪያው መልስ ሳይሰጥ ያልቃል። መግለጫው ላይ “ለብቻውም መጫወት ይቻላል” የሚል ከሌለ ሦስቱንም የምትጫወቱ ካልሆነ ተዉት።

ዋጋው እስካሁን ለገዛኋቸው አብዛኞቹ ከሦስት እስከ አምስት ዶላር ነው፣ በፒዲኤፍ። ባለ ጠንካራ ሽፋኑ መጽሐፍ መደብር ውስጥ ሃምሳ ዶላር ገደማ ነው። ዲኤምስ ጊልድ ላይ ከሽያጩ ግማሹ ለጻፉት ሰዎች ይደርሳል፣ ይህም ደስ ይለኛል። ተጫዋቾቼ ጀብዱውን በየተራ ነው የሚገዙት፤ የቡና ዋጋ ስለሆነ ማንንም አይከብድም። ስታትሙ የጭራቆቹን ገጽና የሽልማቱን ገጽ ለይታችሁ አትሙ፤ ውጊያ ላይ ገጽ ማገላበጥ ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል።

ከ2020 ወዲህ ሊጉ ዳንጀንክራፍት በሚል ስም ማንም ጸሐፊ ደንቡን ተከትሎ እንዲጽፍ በሩን ስለከፈተ፣ መደብሩ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። ከዳንጀንክራፍቶቹ መሀል ግሩም የሆኑ አሉ። ነገር ግን ከጀርባቸው አዳራሽ ላይኖር ይችላል፤ ብቻውን ተቀምጦ የጻፈ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሞካሪዎቹን ዝርዝር እነሱ ላይ ይበልጥ አጥብቃችሁ ፈልጉ።

ለጀማሪ ዲኤም የምመክረው ከሌቨል አንድ እስከ አራት ላሉ ገጸ ባሕርያት የተጻፈ፣ ባለ ሁለት ሰዓት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚያልቅ ጀብዱ ነው። ሂልስፋር ወይም መልማስተር ከተገኘ ይመረጣል፤ ከተሞቹ ራሳቸው ግማሹን ሥራ ይሠሩላችኋል። ቀጥሎ ከአምስት እስከ አሥር ወዳለው እለፉ፤ ገጸ ባሕርያቱ በቂ ኃይል አላቸው፣ ሞትም ገና ያስፈራቸዋል፣ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው። ከአሥራ አንድ በላይ ያሉትን ግን ለሥራ ቀን ምሽት አትግዙ። ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ ያሉ አስማተኞች አንድ ተራ ለመጨረስ ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ አራት ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠረጴዛ ስድስት ሆኗል። እኛ አንዱን ለታንክስጊቪንግ አስቀምጠነዋል፣ ሁሉም ሥራ የማይገባበት፣ ልጆቹም አያት ዘንድ የሚያድሩበት ቀን ስለሆነ።